ሎጂስቲክስና የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር በንግድ ሥራ

ሎጂስቲክስ ዕቃንና ስለ ዕቃው የሚተላለፈውን መረጃ ከመነሻው እስከ ተጠቃሚው ድረስ በሚፈለገው መጠን፣ ጊዜና ሁኔታ ለማድረስ የሚከናወን የዕቅድ፣ የማጓጓዝ፣ የማከማቸትና የቁጥጥር ሥራ ነው። የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር ከዚህ ይሰፋል፤ ከጥሬ ዕቃ አቅራቢው አንስቶ በፋብሪካው፣ በአከፋፋዩና በቸርቻሪው አልፎ እስከ ገዢው ድረስ ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤታቸው የተለያየ ድርጅቶች ተናበው እንዲሠሩ ማድረግን ይመለከታል። ሁለቱ ስያሜዎች በንግግር እየተቀያየሩ ቢነገሩም ልዩነታቸው የቃላት ብቻ አይደለም፤ የራሱን መጋዘንና የጭነት መኪኖች በሚገባ የሚያስተዳድር ድርጅት እንኳ፣ አቅራቢው ምን እንደገጠመው በጊዜው ባለማወቁ ብቻ ምርቱ ሊቋረጥበት ይችላል።

ሎጂስቲክስ የሚለው ቃል ወደ ንግድ የገባው ከጦር ሠራዊት ሲሆን በዚያ ዋና ጉዳዩ ስንቅና ትጥቅን ለተዋጊው ማድረስ ነበር። «የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር» የሚለው አገላለጽ ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ ኪት ኦሊቨር የተባለ የንግድ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ከተጠቀመበት በኋላ ተለመደ።

የዘርፉ ዋነኛ ጥያቄ ምን ያህል ክምችት መያዝ ይገባል የሚለው ነው። ክምችት ገንዘብ ያስራል፣ ቦታ ይይዛል፣ ይበላሻል ወይም ጊዜው ያልፍበታል፤ ክምችት ማነስ ደግሞ ሽያጭ ያሳጣል። ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባቀረበው ቀመር፣ በየጊዜው የማዘዝን ወጪ ዕቃን ከማቆየት ወጪ ጋር አመዛዝኖ ተገቢውን የትዕዛዝ መጠን ማስላት እንደሚቻል አሳየ። በዚህ ቀመር መሠረት የአንድ ዕቃ ፍላጎት አራት እጥፍ ቢያድግ በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው መጠን ማደግ ያለበት ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ቀመሩ ግን ፍላጎቱ አስቀድሞ እንደሚታወቅ አድርጎ የተነሳ ሲሆን፣ አስቸጋሪው ነገር የማይታወቅ መሆኑ ነው። ዘወትር በሦስት ሳምንት የሚያደርስ አቅራቢ፣ አንዳንዴ በአንድ አንዳንዴም በአምስት ሳምንት ከሚያደርሰው ይልቅ ለደንበኛው ይቀላል፤ የሁለቱ አማካይ ጊዜ እኩል ቢሆንም ሁለተኛው ተጨማሪ መጠባበቂያ ክምችት ያስይዛል። በዚህ መልኩ ሲታይ በመጋዘን የተደረደረው መጠባበቂያ በአመዛኙ ለመረጃ ማነስ የሚከፈል ዋጋ ነው።

መረጃ ሲዛባ የሚደርሰውን ጉዳት በግልጽ የሚያሳየው «የጅራፍ ውጤት» የሚባለው ክስተት ነው። ጅራፍ እጀታው በጥቂቱ ሲነቀነቅ ጫፉ በኃይል እንደሚወነጨፍ ሁሉ፣ በሸማቹ ግዢ ላይ የሚታይ ትንሽ ለውጥ ወደ አምራቹ በተጠጋ ቁጥር እየገዘፈ ይሄዳል። ቸርቻሪው ፍላጎት የጨመረ ሲመስለው ለመጠባበቂያ አክሎ ያዝዛል፤ አከፋፋዩም በዚያ ላይ የራሱን ይጨምራል። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያ የዳይፐር ትዕዛዞቹን ሲመረምር ያጋጠመው ይኸው ነበር፤ ሕፃናት የሚጠቀሙት መጠን ብዙም ሳይለዋወጥ፣ ከአከፋፋዮች የሚመጣው ትዕዛዝ ግን በእጅጉ ይዋዥቅ ነበር። ጊዜያዊ የዋጋ ቅናሽ፣ እንዲሁም እጥረት ሲፈራ ከሚፈለገው በላይ ማዘዝ ችግሩን ያባብሳሉ። ዋነኛው መፍትሔ በሱቅ የተሸጠውን ትክክለኛ መጠን ለሰንሰለቱ አባላት ሁሉ ማሳየት ነው፤ ይሁን እንጂ የሽያጭ መረጃውን ለሌላ ለማካፈል የሚፈቅድ ነጋዴ ማግኘት ከቴክኖሎጂው ይልቅ ይከብዳል።

በማጓጓዝ ረገድ ከዓለም አቀፍ የዕቃ ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በባሕር ይጓዛል። ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የትራንስፖርት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1956 «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነሮችን ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ከላከ ወዲህ፣ ዕቃን በየወደቡ አንድ በአንድ የማውረድና የመጫን ሥራ እየቀረ መጥቷል። አንዱ ሣጥን ሳይከፈት ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከዚያም ወደ መኪና ይሸጋገራል። ሻጩና ገዢው ወጪውንና ኃላፊነቱን የሚከፋፈሉበትን ነጥብ ለመወሰን የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ያወጣቸው፣ «ኢንኮተርምስ» የሚባሉ ደንቦች ያገለግላሉ።

የጃፓኑ ቶዮታ ያዳበረው፣ ለመኪና መገጣጠሚያ የሚያገለግሉ ዕቃዎች በሚፈለጉበት ሰዓት ብቻ እንዲደርሱ የሚያደርገው አሠራር ክምችትን በእጅጉ ቢቀንስም፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ መጠጊያ አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 በአሜሪካ አልበከርኪ ከተማ በሚገኝ የፊሊፕስ የቺፕ ፋብሪካ እሳት ሲነሳ፣ የሞባይል ስልክ አምራቾቹ ኖኪያና ኤሪክሰን ሁለቱም የፋብሪካው ደንበኞች ነበሩ። ኖኪያ የጉዳቱን መጠን ቶሎ ተረድቶ ሌሎች ምንጮችን ሲያፈላልግ፣ ኤሪክሰን ዘገየ፤ አማራጭ አቅራቢም ስላልነበረው ከባድ ኪሳራ ደረሰበት።

ብዙ ድርጅቶች የሚሳሳቱት ወጪን በየክፍሉ ነጥለው ሲለኩ ነው። የትራንስፖርት ኃላፊው መኪናው እስኪሞላ በመጠበቁ ሲመሰገን፣ መጋዘኑ ይጨናነቃል፣ ደንበኛውም ይጠብቃል፤ ወጪው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

ከገዢው ወደ ኋላ የሚመለሰው ዕቃ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ወደ ገበያ የሚሄደው በብዛትና በአንድ ዓይነት ማሸጊያ ሲሆን፣ ተመላሹ በተናጠል ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣና በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝም አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ተከፍቶ እስኪመረመር ድረስ ይሸጥ፣ ይጠገን ወይስ ይወገድ የሚለውን መወሰን አይቻልም።