ፒቲኤስዲ ምንድን ነው?

ቡሄ ሲደርስ እኛ ግቢ ጅራፍ ማጮህ ክልክል ነበር። ምክንያቱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ናቅፋ ግንባር የከረሙ የቀድሞ ጦር አባል። አንድ ዓመት አንዱ ልጅ ረስቶ ደጃፋቸው ላይ ሲያጮኸው፣ ጋሼ ከገበታው ተወርውረው መሬት ላይ በደረታቸው ተኙ። ሽሮው ተደፋ። ባለቤታቸው ቃል ሳይተነፍሱ ጠረጉት። እኛ ደግሞ «ጋሼ ፈሪ ናቸው» እያልን ሳምንቱን ሙሉ ሳቅን።

የዚያ ነገር ስሙ ፒቲኤስዲ ነው። «ድኅረ አደጋ የአእምሮ ጭንቀት» ተብሎ ይተረጎማል፤ እኔ ግን «ጭንቀት» የሚለው ቃል አይጥመኝም፤ የቤት ኪራይም ያስጨንቃል። ይልቅ ዘብ አስቡ። አደጋ ሲመጣ ሰውነታችን ውስጥ የሚነቃ ዘብ አለ፤ ልብ ያስመታል፣ ጡንቻ ይወጥራል፣ ሐሳብ ሳይደርስ እግርን ያስነሳል። አደጋው ሲያልፍ ተራውን ጨርሶ ይተኛል። በፒቲኤስዲ ግን ጦርነቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላም ከጥበቃው አልወርድ ይላል። ጋሼ ጅራፍን ከጥይት መለየት አቅቷቸው አይደለም፤ ሰውነታቸው ቀድሟቸው ነው።

ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲዘልቁና ኑሮን ሲያውኩ ነው። ያለፈው ነገር ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሌሊት በቅዠት፣ ቀን በቁም። ሰውየው ትዝታውን የሚቀሰቅስበትን ሁሉ ይሸሻል፤ ደስታ ይርቀዋል፤ በትንሹ ይቆጣል፣ ይበረግጋል። የተዋጋ ሁሉ አይያዝም። ከተማው ሲደበደብ ጓዳ የተደበቀች እናት ግን ልትያዝ ትችላለች።

«ፈሪ» ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1ኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች «የመድፍ ድንጋጤ» የሚል ስም ቢያወጡለትም፣ ከዱ ወይም ፈሩ ብለው ከረሸኗቸው የገዛ ወታደሮቻቸው መካከል በዚሁ የታመሙ እንደነበሩ ይታመናል፤ 306ቱ ይቅርታ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ፒቲኤስዲ የሚለው ስም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ የቬትናም ዘማቾች ግፊት ትልቅ ድርሻ ነበረው።

እኛ ዘንድ በ1983 ደርግ ሲወድቅ ከ400,000 በላይ ወታደር ወደየቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ባድመ፣ ከዚያ የ2013ቱ የሰሜን ጦርነት። ዘማች የተመለሰበት ቤት ደግሞ የራሱን ሕግ ያወጣል። የጋሼ ልጆች በር አያላትሙም ነበር፤ አባታቸው ሲገቡ የመዝጊያውን ድምፅ ሰምተው የዕለቱን ፀባያቸውን ያውቃሉ። ትልቋ ዛሬ ባለትዳር ናት፤ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጦር ሜዳ ረግጣ አታውቅም።

ይድናል? ብዙ ሰው ይሻለዋል። ትዝታውን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ሆኖ ቀስ በቀስ መጋፈጥ የተመሰከረለት ሕክምና ነው፤ እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ። አረቄ ያስተኛል፣ ግን እንቅልፉን ይሰብረዋል። የሆስፒታሉን ስም፣ «አማኑኤል»ን፣ ስድብ ማድረጋችን ስንቱን ከደጁ እንደመለሰ እግዜር ይወቀው። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ መድኃኒቱን አያቋርጥ እንጂ።

ሌሊት በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የጋሼ ባለቤት ድምፅ በጭቃው ግድግዳ በኩል ይሰማን ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ አይነኳቸውም፤ ከግርጌ ቆመው ረጋ ብለው ይናገራሉ። ዛሬ ባለሙያዎች ለቤተሰብ የሚያስተምሩትን ነው፤ እሳቸውን ግን ያስተማራቸው አልነበረም። «እቤት ነን። ሌሊት ነው። በረዶ ነው የሚዘንበው።»