የአማኞችና የኤቲስቶች ሙግት በኢንተርኔት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

አምላክ አለ በሚሉ አማኞችና የለም በሚሉ ኤቲስቶች መካከል ያለው ሙግት ኢንተርኔት ላይ የገባው ፌስቡክ ገና ሳይታሰብ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1980ዎቹ፣ ዩዝኔት በተባለው የጽሑፍ መወያያ መረብ ላይ የፍጥረትና የዝግመተ ለውጥ ጭቅጭቅ የሳይንስ ክፍሎችን አላስቀምጥ አለ። ስለዚህ ቶክ ኦሪጂንስ የሚባል የራሱ ክፍል ተሰጠው። ጭቅጭቁን ገለል ለማድረግ ነበር፤ ግን ቁም ነገር ወጣው። ተሳታፊዎቹ ዘወትር የሚነሱትን የአማኞች መከራከሪያዎች ከነምላሻቸው ሰበሰቡ፣ ለእያንዳንዱም መለያ ሰጡት። «ዝግመተ ለውጥ እኮ ቴዎሪ ብቻ ነው» የሚለው ሲኤ201 ነው። ምላሹ ከነምንጩ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ዛሬ ብርቅ ነው።

1990ዎቹ በዚሁ መንፈስ አለፉ።

ነገሩ የከረረው ከ2004 በኋላ ነው። ሳም ሃሪስ፣ ሪቻርድ ዶውኪንስ፣ ዳንኤል ዴኔትና ክሪስቶፈር ሂችንስ እስከ 2007 ባለው ጊዜ ሃይማኖትን ፊት ለፊት የሚተቹ መጻሕፍት አከታትለው አወጡ። ዩቲዩብም መሀል ላይ፣ በ2005፣ ደረሰ። በዚያው ዓመት ቦቢ ሄንደርሰን የተባለ የፊዚክስ ምሩቅ ለአሜሪካዋ የካንሳስ ግዛት የትምህርት ቦርድ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። በትምህርት ቤት ከዝግመተ ለውጥ ጎን ሌላ ሐሳብ የሚሰጥ ከሆነ፣ ዓለምን የፈጠረው በራሪ የስፓጌቲ ጭራቅ ነው የሚለውም ይካተትልኝ አለ። ቀልዱ ዓለምን አዳረሰ። በ2006 መጨረሻ ደግሞ ወጣቶች መንፈስ ቅዱስን ሲክዱ ራሳቸውን እየቀረጹ ዩቲዩብ ላይ ይጭኑ ጀመር። ይሄ ሙግት ሳይሆን ብሽሽቅ ነበር። አማኞቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ፈላስፋው ዊልያም ሌን ክሬግ በ2009 ባዮላ ዩኒቨርሲቲ ከሂችንስ ጋር ተፋጠጠ። ማን አሸነፈ? እንደ ተመልካቹ ነው።

የኤቲስቶቹ ሰፈር ራሱ በ2011 እና በ2012 ተሰነጠቀ። ምክንያቱ አምላክ ሳይሆን፣ በስብሰባዎቻቸው ላይ ሴቶች እንዴት ይስተናገዳሉ የሚለው ነበር። በ2013 ሬዲት የተባለው የመወያያ ድረ ገጽ የኤቲስቶቹን ክፍል ለአዲስ ተጠቃሚ በቀጥታ ከሚቀርቡት ዝርዝር አወጣው። የኤቲስቶቹ ፉከራ የበረደው በአማኞች ክርክር ነው የሚሉ አሉ፤ የእርስ በርስ ጠቡ የበለጠ ሳይሠራ አልቀረም።

በሌላ በኩል ነገሩ ጨዋታ ያልሆነባቸው አገሮች አሉ። ትውልደ ባንግላዲሹ ኤቲስት ጦማሪ አቪጂት ሮይ በ2015 ዳካ ውስጥ ተገደለ።

አሁን በረጃጅም ቃለ ምልልሶች ላይ ድምፁ ለዘብ ብሏል። ዶውኪንስ ራሱ በ2024 «በባህል ክርስቲያን ነኝ» ሲል ተሰምቷል፤ እምነቱን ግን አልተቀበለም። በፊት ኮስሚክ ስኬፕቲክ በሚል ስም ይታወቅ የነበረው ዩቲዩበር አሌክስ ኦኮነርም የነገረ መለኮት ምሁራንን እየጋበዘ በሰፊው ያወያያል። በአጫጭር ቪዲዮዎች ግን «አፉን አስያዘው» የሚለው ርዕስ ዛሬም ገበያው ደርቷል።