የ180 ዲግሪ ደንብ፦ ካሜራው የቱ ጋ ይቁም?

በምትቀርጹት ፊልም ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ። ኤዲት ላይ ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ። "ምን አጠፋን?" የሚለው ጥያቄ ስለበዛ መልሱ ይኸው፦ ካሜራው መስመር ተሻግሯል።

ከአንዱ ተዋናይ ወደ ሌላው የተዘረጋ የማይታይ መስመር አለ በሉ። የመጀመሪያውን ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸውን አንድ ምስል) ከመስመሩ በአንዱ ወገን ካነሳችሁ፣ የቀሩትንም ከዚያው ወገን፣ ማለትም ከ180 ዲግሪው ግማሽ ክብ ሳትወጡ አንሱ። መቅረብ፣ መራቅ፣ ከፍና ዝቅ ማለት ይቻላል።

ለምሳሌ ልጅቷ በግራ፣ ልጁ በቀኝ ናቸው። እሷ ወደ ቀኝ ታያለች፤ እሱ ወደ ግራ። የልጁን ክሎዝ አፕ (ፊቱን በቅርበት የሚያሳየውን ሾት) ከመስመሩ ማዶ ብታነሱት ግን እሱም ወደ ቀኝ የሚያይ ይሆናል። ተመልካቹ ሦስተኛ ሰው መፈለግ ይጀምራል።

ስቶሪቦርዱ (ከቀረጻ በፊት ሾቶቹ በተራ የሚሳሉበት ወረቀት) ላይ የስዕሉ ማማር ለእኔ ግድ የለም። በየፍሬሙ (በየስዕሉ ሳጥን) ግን ተዋናዩ የሚያይበትን አቅጣጫ በቀስት አመልክቱ። ጥግ ላይ ከላይ የታየ ንድፍ ጨምሩ፦ ሁለት ክብ፣ አንድ መስመር፣ ካሜራው የሚቆምባቸው ቦታዎች። ስህተቱ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጋለጣል።

መሻገር ጭራሽ ክልክል ነው ማለት አይደለም። ሾቱ ሳይቋረጥ ካሜራው ዞሮ ቢያልፍ ወይም ተዋናዩ ራሱ ቦታ ቢቀይር ተመልካቹ አይደናገርም። ሆን ብሎ ለማደናገር የሚዘልም አለ፤ ያ የዳይሬክተሩ ምርጫ ነው።