ሌክሲፖል
ሌክሲፖል ለፖሊስ መምሪያዎችና ለሸሪፍ ጽሕፈት ቤቶች የአሠራር መመሪያ እያዘጋጀ የሚሸጥ የአሜሪካ የግል ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በካሊፎርኒያ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል ብሩስ ፕሬትና ጎርደን ግራሃም ፖሊስ ሆነው ያገለገሉ፣ በኋላም ጠበቃ የሆኑ ናቸው።

በአገሪቱ ወደ 18,000 የሚጠጉ ሕግ አስከባሪ ተቋማት አሉ፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። አሥር ፖሊስ ይዞ የሚሠራ አዛዥ መመሪያ የሚጽፍለት የሕግ ባለሙያ የለውም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1978 የሞኔል ውሳኔ ደግሞ የከተማው ፖሊሲ ወይም ልማድ ለመብት ጥሰት ምክንያት ከሆነ ከተማው ራሱ እንዲከሰስ በር ከፍቷል። ኩባንያው ይህን ክፍተት በአግባቡ ሞልቶታል።

ደንበኛው በፖሊሶቹ ቁጥር ልክ የደንበኝነት ክፍያ ይከፍላል፤ ለአንዳንዶች የከተሞች የጋራ መድን ማኅበር ይሸፍንላቸዋል። የሚረከቡት ለየክፍለ ግዛቱ የተሰናዳ ረቂቅ ነው። የፌዴራል ሕግ፣ የክፍለ ግዛት ሕግ፣ መልካም ልምድ ወይም ለአዛዡ ምርጫ የተተወ መሆኑ በየአንቀጹ ይገለጻል። አዛዡ አንቀጾቹን ያጸድቃል፣ ያሻሽላል ወይም ይሰርዛል። አዲስ ሕግ ወይም የፍርድ ውሳኔ ሲወጣ ማሻሻያ ይላካል፤ ለፖሊሶቹም በአጭር የሥራ ላይ ገጠመኝ የተመሠረተ ዕለታዊ የሥልጠና ጥያቄ ይቀርብላቸዋል።

ዋናው ጥንቃቄ በቃላት ላይ ነው። በመመሪያው ትርጓሜ «አለበት» ግዴታ ነው። «ይገባዋል» በመደበኛነት የሚጠበቅ ሆኖ አሳማኝ ምክንያት ላለው ግን ይላላል፤ «ይችላል» ምርጫ ነው። የኃይል አጠቃቀምን የሚመለከተው ምዕራፍ 300 ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረውም በዚህ የተነሳ ነው፤ አንድ ቃል ሲለወጥ ክስ ሊለወጥ ይችላልና።

አዘውትሮ የሚታየው ችግር አዛዡ ረቂቁን ሳያነብ ማጽደቁ ነው። ያኔ መምሪያው የሌለውን ክፍል ወይም ሹመት የሚጠቅስ አንቀጽ ይቀራል፤ በፍርድ ቤትም የራስን መመሪያ አለመፈጸም ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ማሻሻያዎች ሳይታዩ ሲከማቹ ደግሞ የተሻረ ሕግ ጸንቶ ይቆያል።

በ2018 የሕግ ምሁራኑ ኢንግሪድ ኢግሊና ጆአና ሽዋርትዝ ባሳተሙት ጥናት ኩባንያው በ35 ክፍለ ግዛቶች ከ3,000 በላይ ተቋማትን ያገለግል ነበር፤ በካሊፎርኒያ ከተቋማቱ 95 በመቶ ገደማው ደንበኞቹ ነበሩ። ጥናቱ የመመሪያው አዘጋጆች ያተኮሩት ከክስ በመከላከል ላይ ነው፣ ሕዝብም በዝግጅቱ አይሳተፍም ይላል። የኋለኛው እውነት ነው፤ የፊተኛው ግን ከክስ መዳንና መብት ማክበር ብዙ ጊዜ አብረው መሄዳቸውን አቅልሎ ያየ ይመስላል። በ2017 የሲቪል መብት ድርጅቶች ስደተኞችን የሚመለከቱ አንቀጾችን ሕገ ወጥ እስር ሊያስከትሉ ይችላሉ ሲሉ ተቃውመዋል። ኩባንያው በበኩሉ የመጨረሻው ውሳኔ የአዛዡ ነው ይላል።

በ2019 ለፖሊሶችና ለእሳት አደጋ ሠራተኞች በኢንተርኔት ዜናና ሥልጠና ከሚያቀርበው ከፕሪቶሪያን ዲጂታል ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። ከጥር 2020 ጀምሮ የካሊፎርኒያ መምሪያዎች መመሪያቸውን በድረ ገጽ እንዲለጥፉ በሕግ ስለተገደዱ፣ የኩባንያው የቅጂ መብት ማስታወቂያ የሰፈረባቸው ጥራዞች ዛሬ ማንም ሊያነባቸው ይችላል።