ንጉሠ ነገሥቱ በሦስት ወረቀት፦ የሜጂ ዘመን የጃፓን ህትመቶች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የቶኪዮ ሰው የቤተ መንግሥት ድግስ ለማየት ግብዣ አያሻውም ነበር። ሥዕል ሱቅ ጎራ ብሎ ኒሺኪኤ መግዛት በቂ ነው። ኒሺኪኤ በእንጨት ሰሌዳ የሚታተም ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል ነው። ከ1765 ጀምሮ የከተሜው መዝናኛ ሲሆን (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቲያትር ተዋንያንና ቆነጃጅት ሲሳሉበት ኖሯል።

ሠዓሊው ንድፉን ይሰጣል እንጂ እንጨቱን አይነካም። ቀራጩ ንድፉ ያለበትን ስስ ወረቀት በፊቱ ደፍቶ ቼሪ እንጨት ላይ ይለጥፋል። መስመሮቹን አስቀርቶ ሌላውን ይፍቃል። ለየቀለሙ ሌላ ሰሌዳ አለ። አታሚው ቀለም በተቀባው ሰሌዳ ላይ ወረቀቱን ያነጥፍና በቀርከሃ ልባስ በተጠቀለለ ክብ መዳመጫ ጀርባውን ያሸዋል። ጥግ ላይ የተቀረጸችው ምልክት ባትኖር ቀለሙ ሁሉ ይዛነፍ ነበር። ገንዘቡን የሚያወጣውና ኪሳራውን የሚችለው ግን አሳታሚው ነው።

በሾጉኖቹ (ጃፓንን ይገዙ በነበሩት የጦር አለቆች) ጊዜ የዘመኑን ገዥዎች መሳል ክልክል ነበር። በ1868 ሥርዓቱ ወደቀ። ገና የ16 ዓመት ልጅ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ሜጂ 3,300 ያህል አጃቢ አስከትለው ከኪዮቶ ወደ ቶኪዮ ተጓዙ። ሰልፉ ለአሳታሚዎች ሲሳይ ሆነ። ታዲያ ሥዕሎቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ፊት ብትፈልጉ አታገኙትም። የሚታየው ሸካሚዎች የያዙት ባለ መጋረጃ መቀመጫና ጣሪያው ላይ የቆመች የወርቅ ወፍ ብቻ ነው።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1889 ሕገ መንግሥቱ ሲታወጅ ነገሩ ተገልብጧል። እንደ ቺካኖቡና አዳቺ ጊንኮ ያሉ ሠዓሊዎች አዳራሹን በሦስት ተያያዥ ወረቀት ሳሉት። ንጉሠ ነገሥቱ በወታደር ልብስ፣ እቴጌዋ በአውሮፓ ቀሚስ ፊት ለፊት ይታያሉ። ምንጣፉ ዓይን የሚወጋ ቀይ ነው፤ ከባሕር ማዶ የገባው የኬሚካል ቀለም ሥራ። ትክክለኛነቱን ግን እንደ ፎቶ አትመኑት። ገበያው ስለሚቸኩል ግምት ብዙ ነበረበት።

ቤተ መንግሥቱ በበኩሉ ምስሉን መቆጣጠር ይወድ ነበር። በ1874 የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶ መሸጥ ታገደ። በ1888 ጣሊያናዊው ሠዓሊ ኪዮሶኔ የሳለው የንጉሠ ነገሥቱ ምስል በፎቶ ተባዝቶ ለትምህርት ቤቶች ታደለ። ተማሪዎች በበዓል ቀን ይሰግዱለት ነበር። ኒሺኪኤውን ግን ማንም ገዝቶ ቤቱ ይዞት ይገባል።