ቅቤ የነካው ነጠላ፦ ስለ ርካሽ የፎቶ ላፕቶፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። በአዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ የሰርግ ወራት ሲመጣ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ከድንኳን ድንኳን እዞራለሁ። የሰፈሩ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ላፕቶፕ ሲገዙ ወደ እኔ መምጣታቸው አይቀርም። የሚያሳዝነው የሚመጡት ከገዙ በኋላ መሆኑ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ አንዱ ያገለገለ ላፕቶፕ ከመገናኛ ገዝቶ፣ ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎት መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ አይ7 እኮ ነው!» አለኝ። ከፍቼ አየሁት፤ አይ7-7500ዩ ይላል። ምንም ሳልናገር ሻይ አዘዝኩለት።

የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከነበረበት 57 ብር ገደማ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ተሳስቶ መግዛት ዛሬ ያማል። ከዚህ በታች ያሉትን አባባሎች በየሳምንቱ እሰማቸዋለሁ፤ ከፊሎቹን እኔ ራሴ በልበ ሙሉነት ስናገራቸው ኖሬያለሁ።

«አይ7 ከሆነ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው»

አይ7 እና አይ5 ኢንቴል ለሚሠራቸው ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ አንጎል፣ የሰጣቸው ስሞች ናቸው። አይ7 ከአይ5 የሚበልጠው እኩዮች ሲሆኑ ነው። ዕድሜያቸውን የሚናገረው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ 7500 ሰባተኛ ትውልድ፣ 8250 ስምንተኛ ትውልድ። ከአሥረኛው ትውልድ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ይነበባሉ። የልጁ አይ7-7500ዩ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን ያለው ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት ሠራተኛ ክፍል፣ ብቻ ነው። በዓመቱ የመጣው አይ5-8250ዩ አራት ኮር አለው። ስድስት መቶ የሰርግ ፎቶ አርመን ወደ ጄፔግ ስንቀይር ሥራው ለኮሮቹ ይከፋፈላል፤ አራት አጫጅ የገባበትንና ሁለት አጫጅ የገባበትን ማሳ አስቡት። ታናሹ አይ5 ታላቁን አይ7 ጥሎት ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። እኔ ከስምንተኛ በታች ግዙ ብዬ ማንንም አልመክርም። ክዳኑ ላይ ያለውን ተለጣፊም አትመኑ፤ ተለጣፊ ይላጣል፣ ይለጠፋል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና የኮሮቹን ብዛት በዓይናችሁ እዩ።

«ስክሪን ያው ስክሪን ነው፤ ፉል ኤችዲ ከሆነ ይበቃል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የተቃጠልኩበት ነውና። የመጀመሪያው ላፕቶፔ ስክሪን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነበር። እኔ አላወቅኩም፤ ዓይን ሁሉን ይለምዳል። የአንዲት ሙሽራ የመልስ ፎቶ ሳርም ነጠላዋ ሰማያዊ መስሎ ስለታየኝ ቢጫ ጨመርኩበት፤ ነጭ ሆነልኝና ደስ አለኝ። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ነጠላው ቅቤ የነካው መስሎ ቁጭ አለ፤ ጥበቡም ዓይን ይወጋል። የሙሽራዋ እናት ገልጠው ገልጠው፣ «ልጄ፣ ይህን ነጠላ ማን ነው ያጠበው?» አሉኝ። አልበሙን በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩ።

ፉል ኤችዲ የነጥብ ብዛት ነው፤ 1920 በ1080። ስለ ቀለም አንዳች የሚናገረው ነገር የለም። የስክሪን ቀለም የሚለካው ኤስአርጂቢ ከሚባለው የቀለም ክልል ስንቱን ማሳየት ይችላል በሚለው ነው። ይህን መለኪያ ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 አወጡት፤ በኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወር ፎቶ ዛሬም በአብዛኛው በእሱ ይሄዳል። በላፕቶፑ ዝርዝር ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» (ኤንቲኤስሲ ሌላ፣ ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ነው) የሚል ካያችሁ፣ ከኤስአርጂቢ ውስጥ ስድሳ በመቶ ገደማውን ብቻ ያሳያል ማለት ነው። የሚፈለገው «72 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ወይም ወደ 100 በመቶ የሚጠጋ ኤስአርጂቢ ነው። በደካማው ስክሪን ላይ የጥበቡ ቀይና አረንጓዴ ደብዝዞ ስለሚታይ እጃችሁ ሳታውቁት ቀለሙን እያደመቀ ይሄዳል። ሙሽራዋ ግን ፎቶውን የምታየው በእናንተ ላፕቶፕ ሳይሆን በስልኳ ነው፤ የስልክ ስክሪን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከርካሽ ላፕቶፕ ስክሪን የተሻለ ቀለም አለው።

ቲኤን የሚባለው የቆየ የስክሪን ዓይነት ሌላ ጣጣ አለው። ክዳኑን ጥቂት ስታዘነብሉት ብርሃኑም ቀለሙም ይለዋወጣል፤ ቀና ብላችሁ ስታዩት የፈካ ፊት ጎንበስ ስትሉ ይጠቁራል። አይፒኤስ የሚባለው ሌላው የስክሪን ዓይነት ይህን ጣጣ በአብዛኛው አስቀርቷል። ነገር ግን አይፒኤስ የሚለው ቃል ብቻውን የቀለም ዋስትና አይሆንም። ብዙ ሰው የሚወደው የሌኖቮ ላፕቶፕ ቲንክፓድ ቲ480 እንኳ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ የሆነ አይፒኤስ ተገጥሞለት የመጣ አለ።

ሱቅ ስሄድ ፍላሽ ላይ አንድ ፎቶ ይዤ ነው፤ የነጠላ ፎቶ፣ ድርና ማጉ ተለይቶ የሚታይ። እሱን ከፍቼ ክዳኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዘነብላለሁ። ድርና ማጉ ጠፍቶ ነጭ ጨርቅ ብቻ ከታየኝ ሻጩ ስለ አይ7 የሚያወራውን አልሰማም።

«የስክሪን ቀለም መለኪያ መሣሪያ ገዝቼ አስተካክለዋለሁ» የሚሉ አሉ። መለኪያው የተዛባውን ያቃናል፤ ስክሪኑ ጨርሶ የሌለውን ቀለም ግን ከየት ያምጣለት? ይልቅስ ደህና ፕሮሰሰር ያለው ግን ስክሪኑ ደካማ የሆነ ላፕቶፕ በርካሽ ካገኛችሁ፣ 22 ወይም 24 ኢንች የሆነ ያገለገለ የአይፒኤስ ሞኒተር ጨምሩበት። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ «ማተሚያ ቤቱ ፎቶዬን አጠቆረብኝ» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አይደለም። ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑን እስከ መጨረሻው አድምቃችሁ ስትሠሩ ፎቶውን ሳይታወቃችሁ እናንተው ታጠቁሩታላችሁ።

«8 ጊጋ ራም ይበቃል፤ ካነሰም ይጨመራል»

ራም ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቤ ለፕሮግራሙ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው 8 ጊጋባይት ነው፤ የሚመክረው ግን 16። በዝቅተኛው ይከፈታል፣ ያሠራልም፤ ትዕግሥት ካላችሁ። ስሌቱ እንዲህ ነው። 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ የሚያወጣው ሮው (ገና ያልተቀነባበረ) ፋይል ዲስክ ላይ ከ25 እስከ 35 ሜጋባይት ቢሆን ነው። በ16 ቢት ፎቶሾፕ ውስጥ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ነጥብ 6 ባይት ይወስዳል፤ ሲባዛ 144 ሜጋባይት። ፊቱን ለማጥራት አንድ ንብርብር፣ ቀሚሱን ለማድመቅ ሌላ ስትደርቡ በአምስተኛው ከ700 ሜጋባይት አለፋችሁ። በዚያ ላይ ዊንዶውሱ አለ፣ ሌላው የአዶቤ ፎቶ ማረሚያ ላይትሩም ከኋላ ተከፍቷል፣ ዘፈን የሚያጫውተው ብራውዘርም ድርሻውን ይወስዳል። ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፤ ያኔ ማውሱ ጭቃ ውስጥ እንደገባ በግ ይሆናል።

«ይጨመራል» የሚለው ደግሞ እንደ ሞዴሉ ነው። ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። ስሙ በአንዲት ፊደል የሚለየው ቀጭኑ ቲ480ኤስ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ቀሪው ራም ከቦርዱ ጋር ተበይዷል። ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት ሞዴሉን እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንብቡ።

«1 ቴራባይት ከ256 ጊጋባይት ይበልጣል»

በማጠራቀም ይበልጣል፤ ነገር ግን ባለ 1 ቴራባይቱ ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስክ፣ ባለ 256ቱ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ርካሹ ኤስኤስዲ እንኳ 500 አካባቢ ያነባል። ሃርድ ዲስክ በዚያ ላይ መውደቅን አይችልም፤ የእኛን ሰፈር መንገድ በታክሲ ለሚመላለስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለት ሺህ ሮው ፎቶ የተነሳበት ሰርግ ከ50 እስከ 70 ጊጋባይት ይይዛል። የያዛችሁትን ሰርግ ኤስኤስዲው ላይ ሥሩ፤ ያለቀውን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አውጡት፣ ከተቻለም ሁለት ቦታ።

«ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ፎቶሾፕ አይሠራም»

ይህ ከጌም ተጫዋቾች የተወረሰ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ምስል ለማቀነባበር ለብቻው የሚገጠም ክፍል ነው። ብርሃን ማስተካከል፣ መቁረጥ፣ ቀለም ማረም፣ ቆዳ ማጥራት፣ ይህ ሁሉ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ በሚመጣው ግራፊክስ ይሠራል። ሐቀኛ ለመሆን አንድ ነገር ይለያል፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ላይትሩም ውስጥ የገባው፣ ብርሃን ባነሰበት በተነሳ ፎቶ ላይ የሚታዩ ሻካራ ቅንጣቶችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጸዳው መሣሪያ ያለ ጠንካራ ካርድ ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎችን ይወስዳል። ለአሥር ፎቶ ይቻላል፤ ለስድስት መቶ አይሞከርም። ለዚህ ብሎ የጌም ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ግን ክብደቱንና ቶሎ የሚያልቀውን ባትሪም አብሮ ይገዛል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ መብራት የሚጠፋው ሥራው ሲጋመስ ነው።

«አዲስ ምንጊዜም ካገለገለ ይሻላል»

በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት አዳዲሶች ብዙ ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይዘው ነው የሚመጡት። 64 ጊጋባይት ራሱ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ፎቶው የት ሊቀመጥ ነው? በተመሳሳይ ገንዘብ ከውጭ ድርጅቶች የወጣ ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ ወይም ኤሊትቡክ ብፈልግ እመርጣለሁ። ያገለገለ ሲገዛ ግን መፈተሽ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና ዛሬ የቀረውን ጎን ለጎን ያሳያል። ሻጩን ጠይቁት፤ ካንገራገረ መልሱን ሰጥቷችኋል። ቲ480 ከውስጥ አንድ፣ ከውጭ የሚነቀል ሌላ ባትሪ ስላለው ለእኛ ሰፈር የተሠራ ይመስለኛል። ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ማራገቢያውን አስጠርጉ፤ የኮዬ ፈጬ አቧራ የሚጨምርበት ሳይበቃ የባሕር ማዶው ውስጡ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

«እውነተኛ ፎቶ አንሺ ማክ ነው የሚይዘው» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው የአፕል ላፕቶፕ፣ ኤም1 ማክቡክ ኤር፣ ስክሪኑ በጣም ጥሩ ነው፤ ገንዘቡ ካላችሁ አልከለክልም። ራሙ ግን አይጨመርም፤ 8 ከገዛችሁ 8 ነው። ያገለገለውም በቀድሞ ባለቤቱ ወይም በድርጅት ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጩ ፊታችሁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ሰርዞ እንደ አዲስ ያስነሳው።

ሶፍትዌሩን ከጓደኛ ፍላሽ መገልበጥም ነጻ አይደለም፤ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ ከሚሠራው ፎቶሾፕ ጋር ቫይረስ ተጭኖባት የአንድ ሰሞን ፎቶ የጠፋባት ልጅ አውቃለሁ። ለአዶቤ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚከብደው ዳርክቴብል፣ ሮውቴራፒና ጊምፕ የሚባሉት የፎቶ ማረሚያዎች በሕጋዊ መንገድ በነጻ ይገኛሉ። ዳርክቴብል በመጀመሪያው ሳምንት ያስለቅሳል፤ በሁለተኛው ይለመዳል።

የታኅሣሡ ልጅ ሻይውን ጠጥቶ ሲጨርስ ላፕቶፑን ገልብጠን ከፈትነው። ሁለተኛ የራም ማስገቢያ አገኘንበት፤ 8 ጊጋባይት ጨመርንለት። ለጥር ሰርግ ሲል ያገለገለ ባለ 22 ኢንች ሞኒተር ገዛ። ነጠላው አሁን ነጭ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ይቆያል፤ ሞኒተሩ ስለሚጠፋበት ግን ልጁ ወጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል።