የስፔን የ1981 እ.ኤ.አ. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፦ የሚባለው እና እውነታው

በ2009 እ.ኤ.አ. የስፔን መንግሥት ቴሌቪዥን በሁለት ክፍል የቀረበ ድራማ አሳየ። ስለ ፌብሯሪ 23 ቀን 1981 ነው፤ በእኛ የካቲት 16 ቀን 1973 ዓ.ም.። ያን ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ23 ላይ ሌተና ኮሎኔል አንቶኒዮ ቴኸሮ ታጣቂዎቹን ይዞ ማድሪድ ምክር ቤት ገባ። እንደራሴዎቹ ለአዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ድምፅ እየሰጡ ነበር። ስለዚያ ሌሊት ዛሬም ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ አየው»

በዓይናችን አይተናል ብለው የሚምሉ ስፔናውያን አሉ። አላዩም። በቀጥታ የተላለፈው በሬዲዮ ነው፤ ሰው ተኩሱን በጆሮው ነው የሰማው። ታጣቂዎቹ ካሜራ ይጥፋ ቢሉም አንዱ ካሜራ ሳያውቁበት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀረጸ። ምስሉ የታየው ግን በማግስቱ፣ ታጋቾቹ ከተለቀቁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሲደጋገም የሰሙትና ያዩት ተቀላቀለባቸው።

«ሁሉም ወንበር ሥር ገባ»

ብዙዎቹ ገብተዋል፤ አልፈርድባቸውም። ጥይቱ ጣሪያውን እየበሳ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ዛሬም አሉ። ሦስት ሰዎች ግን አልተሸሸጉም። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጄኔራል ጉቲዬሬዝ ሜያዶ 68 ዓመታቸው ነበር። ተነስተው በቀጥታ ወደ ታጣቂዎቹ ሄዱና ተቆጧቸው። ቴኸሮ ከኋላ ይዞ ሊጥላቸው ታገለ። አልወደቁም። ተሰናባቹ ጠቅላይ ሚኒስትር አዶልፎ ሱዋሬዝ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። የኮሚኒስቶቹ መሪ ሳንቲያጎ ካሪዮም እንዲሁ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጄኔራሉ በኋላ አምባገነን ከሆነው ከፍራንኮ ጎን፣ ካሪዮ ከሪፐብሊኩ ጎን ነበሩ። ያቺን ቅጂ ባየኋት ቁጥር ሆዴን የሚያባባኝ ይሄ ነው።

«መሪው ቴኸሮ ነበር»

ሽጉጡና ባርኔጣው ስለታየ ነው እንጂ ከበላዩ ሰዎች ነበሩ። ጄኔራል ሚላንስ ዴል ቦሽ ቫሌንሲያ ላይ ታንክ አስወጥቷል። ጄኔራል አርማዳ ደግሞ ለዓመታት ንጉሡን ያገለገለ ሰው ነው። እኩለ ሌሊት ገደማ ምክር ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ በራሱ የሚመራ የጥምር መንግሥት ሐሳብ አቀረበ። ቴኸሮ በዝርዝሩ ላይ ሶሻሊስቶችና ኮሚኒስቶች እንዳሉ ሲያውቅ አላሳልፍም አለው። ሴራው እዚያው እርስ በርሱ ተጣላ።

«ስፔንን ንጉሡ ብቻቸውን አዳኗት»

የድራማው ርዕስ ራሱ ቀኑን «የንጉሡ እጅግ ከባድ ቀን» ይለዋል። ኹዋን ካርሎስ የጦር ልብስ ለብሰው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ14 ላይ በቴሌቪዥን መፈንቅለ መንግሥቱን መቃወማቸው እውነት ነው፤ ክብደትም ነበረው። ግን ከተኩሱ በኋላ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ አልፎ ነበር። እስከዚያ ሚኒስትሮቹ ታግተው ሳለ የአገር ደኅንነት ኃላፊው ፍራንሲስኮ ላይና የሚመሩት ጊዜያዊ አስተዳደር መንግሥቱን ይዟል። በቤተ መንግሥት ደግሞ ሳቢኖ ፈርናንዴዝ ካምፖ የተባሉ ባለሥልጣን ስልክ አንስተዋል። ንጉሡ ሴራውን ይደግፋሉ፣ አርማዳም አብሯቸው ነው የተባለው የማድሪዱ የታንክ ክፍለ ጦር አዛዥ፣ አርማዳ ንጉሡ ጋ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። የለም፣ አይጠበቅምም አሉት። አዛዡ ወታደሮቹን ወደ ሰፈራቸው መለሰ።